ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በአራት ቡሎን

(ባሕር ዳር ውስጥ ለወጣት መካኒኮችና ለጋራዥ ባለቤቶች የተደረገ ንግግር፣ በጽሑፍ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፤ ወንበር አለ። ማይክራፎኑ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይጠፋል። እኔም እየጮህኩ ብዙ መቆየት አልችልም።

የዛሬው ርዕስ ጠባብ ነው። አሮጌና ከባድ ሞተር ከመኪናው ወጥቶ ስታንድ (ሞተሩን ይዞ የሚያዞር ማቆሚያ) ላይ እስኪቆም ድረስ ያለችው ሥራ፣ እሷው ብቻ ናት። አሮጌ ስል የምታውቋቸውን ነው። ላንድሮቨር፣ ቤድፎርድ፣ የድሮው ባለ ስድስት ሲሊንደር ላንድክሩዘር፣ ፊያት 682። አንዳንዶቻችሁ ጋ ደግሞ ከገጠር ወፍጮ ቤት የወጣ ሊስተር የሚባል ሞተር በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል። እነዚህ የተሠሩት ለብረት ሳይሳሳ ነው። የዛሬው የትንሽ መኪና ሞተር አልሙኒየም ስለሚበዛበት ሁለት ጎረምሳ ያንቀሳቅሰዋል። የድሮዎቹን ግን ማንም በጉልበት አይሞክራቸውም።

ሞተር መፍታትና መግጠም በትምህርት ቤትም በጋራዥም ትማራላችሁ። ሞተሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ስታንድ የሚጠጋለትን ሰዓት ግን ቁጭ ብሎ የሚያስተምር የለም። «ያዝ! ቀስ! ግፋ!» ተብሎ ይታለፋል። ጣት የሚሄደው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

እስቲ ስታንዱን እንየው። ከታች ጎማ ያለው እግር አለ። ከእግሩ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ብረት አለ። ከላይ ቱቦ፣ ቱቦው ውስጥ የሚዞር ፕሌት፣ ፕሌቱ ላይ አራት ክንድ። አራቱ ክንዶች የሚታሰሩት ከሞተሩ ጀርባ፣ ካምቢዮ በሚገጠምበት ፊት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በሙሉ ወደ ፊት ወጥቶ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ከሥሩ ምንም የለም። ሙሉ ጀሪካን ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ ያዙ፣ ከዚያ ያንኑ ጀሪካን በተዘረጋ ክንድ ያዙ። ውኃው አልጨመረም፤ ክንዳችሁ ግን ይንቀጠቀጣል።

ገበያ ላይ ያለው ብዙ ስታንድ 450 ኪሎ ወይም 1000 ፓውንድ ተብሎ ተጽፎበታል። ሰው ይህን ያይና «የኔ ሞተር 400 ኪሎ ነው፣ ይችላል» ይላል። ያ ቁጥር ግን ክብደቱ ከፕሌቱ ምን ያህል እንደሚርቅ አይነግራችሁም። ባለ አራት ሲሊንደር አጭር ሞተር ላይ የክብደቱ መሀል፣ ሞተሩ የሚመዛዘንበት ነጥብ ማለት ነው፣ ከፕሌቱ 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ነው። ረጅም ባለ ስድስት ሲሊንደር ላይ 45 እና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። ጫናው ክብደቱ በርቀቱ ሲባዛ ነው። 300 ኪሎ በ30 ሳንቲ ሜትር 90 ኪሎ ግራም ሜትር ነው። 400 ኪሎ በ45 ሳንቲ ሜትር 180 ነው። ክብደቱ በሲሶ ብቻ ጨመረ፤ ብየዳው ላይ የመጣው ጫና ግን እጥፍ ሆነ። ይህ ስሌት የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ከተቋቋመ ጀምሮ እዚህ ከተማ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ የኖረ ነው። ጋራዥ ስትገቡ ግን ተረስቶ ታገኙታላችሁ።

«የክብደቱን መሀል በምን እናውቃለን?» ትሉኝ ይሆናል። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የእህል ነጋዴው ባስኩላ ይበቃል፤ ለግማሽ ቀን ለምኑት። መጀመሪያ ሞተሩን ሙሉውን ባስኩላው ላይ አስቀምጡና መዝኑ። 360 ኪሎ መጣ እንበል። ቀጥሎ የሞተሩን ጀርባ፣ ካምቢዮ የሚገጠምበትን ጫፍ፣ ባስኩላው አጠገብ ባለ ጠንካራ እንጨት ላይ አሳርፉ። የፊት እግሩን ብቻ ባስኩላው ላይ አድርጉ። ሞተሩ አግድም መሆን አለበት። አሁን 200 ኪሎ አነበበ። በሁለቱ ድጋፎች መካከል ያለው ርቀት 80 ሳንቲ ሜትር ነው። 200ን ለ360 አካፍሉና በ80 አባዙ። ወደ 44 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። የክብደቱ መሀል ከጀርባው ፊት 44 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። ይኸው ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይሠራዋል። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ሞተሩ በሰንሰለቱ እንደተያዘ ይሁን፤ ሰንሰለቱ ላላ ይበል እንጂ አይፈታ።

ከፍታውስ? እሱ ደግሞ በቱንቢ ነው። ሞተሩን በአንድ ነጥብ ብቻ አንጠልጥላችሁ እስኪረጋ ጠብቁ። ከመንጠቆው ላይ ቱንቢ ጣሉና ገመዱ ያለፈበትን መስመር ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ጎን ላይ በጠመኔ አስምሩ። የተንጠለጠለበትን ነጥብ ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቀይሩና እንደገና አስምሩ። ሁለቱ መስመሮች የሚቆራረጡበት ቦታ የምትፈልጉት ነው። ሞተሩ ሲንጠለጠል ከሥሩም ከጎኑም ሰው አይጠጋ፤ የምታሰምሩት ከረጋ በኋላ እጃችሁን ዘርግታችሁ ነው።

ይህ የጠመኔ ምልክት ለምን እንደሚጠቅም ልንገራችሁ። ስታንዱ ላይ ያለው ፕሌት የሚዞርበት መስመር ከምልክቱ ጋር መግጠም አለበት። እኔ ምልክቱ ከመስመሩ ጥቂት ዝቅ ቢል እመርጣለሁ። ዝቅ ካለ ሞተሩ ራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከፍ ካለ ግን ፕሌቱ እንዳይዞር የሚቆልፈውን ፒን የነቀላችሁ ቀን ይገለበጣል። የሚገለበጠው ደግሞ ቀስ ብሎ አይደለም። የፕሌቱ ማዞሪያ ብረት የሰው ክንድ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም። ፊታችሁን እያየሁ ነው፣ አለ።

ብዙ ሰው ክንዶቹን የሚያስረው ያገኘው ቀዳዳ ላይ ነው። ቀዳዳ ስለገጠመ ብቻ ግን መሀሉ ገጠመ ማለት አይደለም። በተቻለ መጠን አራራቁ፣ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ከዚያ ፕሌቱን ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ ከምልክቱ ጋር አመጣጥኑ። ደግሞም ምልክቱ ለሁልጊዜ አይደለም። ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ሲነሳ መሀሉ ወደ ታች ይወርዳል። ኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ከታች ያለ ዘንግ) ስታወጡ ደግሞ ወደ ላይ ይመለሳል። ትናንት በጣት የዞረ ሞተር ዛሬ እጃችሁ ላይ ሊከብድ፣ ወይም ራሱ ሊሄድ ይችላል።

አሁን ወደ ቡሎን። እኔን ከጠየቃችሁ የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል ቡሎን ነው። የምትከራከሩኝ ካላችሁም በኋላ እንነጋገራለን። ከቆሻሻ ቆርቆሮ ውስጥ ተለቅሞ የመጣ ቡሎን ሞተር አይሸከምም። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ፈልጉ። በኢንች የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ጭንቅላቱ ላይ ሦስት ወይም ስድስት ጭረት ያለውን። 4.6 የሚል ካያችሁ፣ ሳይበጠስ የሚሸከመው የ8.8 ግማሽ ነው። ምንም ያልተጻፈበትን ለስላሳ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

ጥርሱ ላይም ተጠንቀቁ። የድሮ እንግሊዝ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ የዊትዎርዝ (የድሮ የእንግሊዝ የኢንች መለኪያ) ጥርስ ታገኛላችሁ። የግማሽ ኢንች ቀዳዳ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የ12 ሚሊ ሜትር ቡሎን ይገባበታል። ሁለት ሦስት ዙር ይዞራል፣ ያዘም ይመስላል። የያዘው ግን ጫፍ ጫፉን ነው፤ ጥርሱም አይመሳሰልም። የግማሽ ኢንች ዊትዎርዝ በአንድ ኢንች 12 ጥርስ አለው፣ ይህም አንዱ ከአንዱ 2.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃል ማለት ነው። የ12 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ 1.75 ነው። ክብደት ሲያርፍበት የቀዳዳውን ጥርስ ልጦ ይወጣል። ይህን በዓይን አታውቁትም። ልክ የሚሆን ቡሎን በእጅ ብቻ፣ ያለ ቁልፍ፣ እስከ መጨረሻው መግባት አለበት።

ስንት ዙር? የድሮ ፎንዶ (በቅርጽ ቀልጦ የፈሰሰ) ብረት ላይ ቢያንስ የቡሎኑን ወፍራምነት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል መግባት አለበት። ለ12 ሚሊ ሜትር 18 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። 10 ዙር ገደማ ቁጠሩ። ከዚያ ባነሰ ከያዘ ረዘም ያለ ቡሎን ፈልጉ። በጣም ረዝሞ ቀዳዳው ጫፍ ላይ ደርሶ ከቆመም አደገኛ ነው፤ የጠበቀ ይመስላል፣ ክንዱ ግን ልቅ ነው። ሮንዴላ ጨምሩበት ወይም ቀይሩት። አንዳንዱ ልጅ ክንዱ ስላልደረሰ ረጅም የቱቦ ቁራጭ መሀል ያስገባል። ቁራጩ በረዘመ ቁጥር ቡሎኑ ይታጠፋል። አጭርና ወፍራም ይሁን፤ ካልሆነ ክንዱን ቀይሩ።

አንዲት እህታችን እጇን አውጥታለች። እሺ። «ቮላኖው እንዳለ ሆኖ ማሰር አይቻልም ወይ?» ቮላኖ ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ከባድ የብረት ክብ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። አይቻልም። ፕሌቱና ክንዶቹ የሚይዙት ቦታ ቮላኖና ፍሪሲዮን ካሉበት ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ሞተሩ ገና መሬት ላይ እያለ ሁለቱም ይወጣሉ። ሞተሪኖ (ማስነሻው)፣ ዲናሞ፣ ማኒፎልድ፣ የሚወጣው ሁሉ ይውጣ። ዘይትና ውኃ ይፍሰስ። የምትቀንሱት እያንዳንዱ ኪሎ ስታንዱን ያሳርፋል።

ማንሳቱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ምክንያቱም አብዛኛችሁ ታውቁታላችሁ። ሁለት ነገር ብቻ። አንዱ የሰንሰለት ማዕዘን ነው። ሁለት እግር ያለው ሰንሰለት ላይ 600 ኪሎ ስታንጠለጥሉ እያንዳንዱ እግር 300 ይይዛል ብላችሁ አታስቡ። ሰንሰለቱ ከአግድም 60 ዲግሪ ላይ ከሆነ እያንዳንዱ 346 ገደማ ይይዛል። 45 ላይ 424። 30 ዲግሪ ላይ ሲተኛ እያንዳንዱ እግር 600 ኪሎ ይይዛል፤ ሙሉውን ሞተር ለብቻው የያዘ ያህል። ሰንሰለታችሁ አጭር ሲሆን ነው ይህ የሚሆነው። አስረዝሙት። ሁለተኛው ክሬኑ ነው። ሁለት ቶን የተባለው ክሬን ክንዱ እስከ መጨረሻው ሲዘረጋ ብዙ ጊዜ ግማሽ ቶን ብቻ ነው የሚያነሳው። ክንዱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች አጠገብ ተጽፏል፤ አንብቡት። ረጅም ሞተር ላይ መሀሉን ለመድረስ ክንዱን ማስረዘም የግድ ስለሆነ፣ ከባድ ሞተርና ደካማ ክሬን የሚገናኙት በዚሁ ሰዓት ነው።

ክሬን የሌላችሁ የባሕር ዛፍ ግንድ በሦስት እግር ታቆማላችሁ። አልነቅፍም። እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ ከታች እርስ በርስ በሰንሰለት ታስረው፣ ግንዱ ያልተሰነጠቀ ይሁን። የቤቱ ጣሪያ ማገር ላይ የሚሰቅለውን ግን እነቅፋለሁ። ማገሩ የተቆጠረው ለቆርቆሮ ነው።

አሁን ሞተሩ ተንጠልጥሏል። እዚህ ላይ አንድ ልማድ አለ፤ ስታንዱን በሙሉ እየገፉ ወደ ሞተሩ ማምጣትና ቀዳዳ መፈለግ። የክሬኑ እግርና የስታንዱ እግር ይጋጫሉ፣ ሰው መሀል ይገባል፣ ጩኸት ይበዛል። ፕሌቱን ከስታንዱ ነቅላችሁ መጀመሪያ ሞተሩ ላይ እሰሩት። በእርጋታ፣ አራቱንም። ከዚያ ቱቦውን ግሪስ ቀቡና ስታንዱን ብቻውን፣ ባዶውን፣ ወደ ሞተሩ ገፍታችሁ አስገቡ። የቀረው ማውረድ ነው። ክሬኑን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉና ቁሙ። የቆመውን ብረት ከጎን እዩት፤ ወደ ፊት ምን ያህል ጎነበሰ? ብየዳው ላይ ቀለም ተሰነጠቀ? ከዚያ ደግሞ ዝቅ። ክብደቱ በሙሉ ስታንዱ ላይ ካረፈ በኋላም ሰንሰለቱን ወዲያው አትፍቱ። የመጀመሪያዋን ማዞር ሰንሰለቱ ላላ ብሎ፣ ግን ሳይፈታ አድርጓት። አንድ ሰው ማዞሪያውን ይይዛል፣ ሌላው ፒኑን ይነቅላል። ማዞሪያው ሳይያዝ ፒን አይነቀልም። ጫማም ጫማ ይሁን፤ ሸበጥ ያደረገ ልጅ ሞተር አጠገብ አይቁም።

ወለሉን ሳልናገር አልሄድም። እዚህ አካባቢ ብዙው ጋራዥ ጠጠር፣ ኮብልስቶን ወይም የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ነው። ዋልካ ላይ የፈሰሰ ሲሚንቶ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። የስታንዱ ትንንሽ ጎማ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ስታንዱ ይቆማል፣ ሞተሩ ግን ይቀጥላል። ስለዚህ ሞተር የተሸከመ ስታንድ አታንቀሳቅሱ። ማንቀሳቀስ የግድ ከሆነ ከታች፣ ከእግሩ ይዛችሁ፣ በርዝመቱ አቅጣጫ፣ መንገዱን ጠርጋችሁ። ባለ ሦስት ጎማ ስታንድ ላይ ከባድ ሞተር መስቀል እኔ አልመክርም። ባለ አራቱ ይሻላል፣ ከፊት በኩል ደግሞ ሞተሩ ሥር የሚስተካከል ድጋፍ አስገቡበት። ማዞር ስትፈልጉ ታነሱታላችሁ። ቅዳሜና እሑድ ጋራዡ ሲዘጋ ድጋፉ ከሥሩ ይኑር።

ከፊት የተቀመጡት አባት ስለ ፊያት ጠይቀዋል። «ኤን ትሬውንስ?» ብለዋል፤ ፊያት 682 ኤን 3ን ማለታቸው ነው። አባቴ፣ የፊያት 682 ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር በላይ ነው። እሱን የመኪና ስታንድ ላይ አልሰቅለውም፣ ስድስት ቡሎን ቢኖረውም። እንዲህ ያለ ሞተር ከፊትም ከኋላም መያዝ አለበት። ወፍራም ብረት ተበይዶ፣ ሁለት ጫፉ የሚደገፍ ማረፊያ ይሠራለት። መዞሩ ቢቀር ይቀራል። ኮሎውን ለማየት ሲፈለግ በክሬን ተገልብጦ በሌላ ማረፊያ ላይ ይተኛል። ይህ ያረጀ አሠራር ይመስላል፤ ለእኔ ግን ትክክለኛው እሱ ነው። ሁሉም ሞተር መዞር አለበት የሚለው ሐሳብ የመጣው ከቀላል ሞተሮች ነው።

ሊስተርም እንዲሁ ነው። የወፍጮ ቤቱ ባለ አንድ ሲሊንደር ሊስተር፣ 6 የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 650 ዙር የሚባለው፣ ፒስተኑ 114.3 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ጉዞው 139.7 ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከላዩ የከበደ፣ በግራና በቀኝ ትልቅ ቮላኖ የተሸከመ ነገር። ስታንድ አይፈልግም። ሁለት ወፍራም ግንድ ወስዳችሁ፣ ከሞተሩ የሰፋ መንሸራተቻ ሥሩለት፣ በአራቱ የእግር ቀዳዳ እሰሩት። ከዚያ በኋላ ቮላኖዎቹን አውጡ። የያዛቸው ጭንቅላት ያለው ቁልፍ ብረት ነው፣ በሽብልቅ ነው የሚወጣው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ጎን ከብዶ ሞተሩን ሊያጋድለው ስለሚችል ነው አስቀድማችሁ የምታስሩት። ቮላኖው ራሱ ሲላቀቅ በሰንሰለት የተያዘ ይሁን፣ ሰው ፊት ለፊቱ አይቁም።

የጀልባ ልጆችም አላችሁ፣ አይቻለሁ። እናንተ አንድ ዕድል አላችሁ። የጀልባ ሞተር በጎኑ እግሮች ላይ ነው የሚቀመጠው። የጀልባው ማረፊያ እንዴት እንደተሠራ ለክታችሁ፣ ያንኑ ስፋትና ከፍታ ወደብ ላይ ብረት ብትበይዱ ሞተሩ ልክ እንደ ቤቱ ይቀመጥበታል። ግን ከጀልባ ማንሳት ላይ አስቡበት። ክብደቱ ሲለቀቅ ጀልባው ከውኃው ከፍ ይላል፣ ይንሸራተታልም። ጀልባው በአራት ገመድ ይታሰር፣ መንጠቆው ልክ ከሞተሩ በላይ ይሁን፣ ሐይቁ የሚናወጥበት ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ጠዋት ይሠራ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ማውረዱ። ሞተሩ ተሠርቶ ሲያልቅ ከሰቀላችሁት ጊዜ ይከብዳል። ቴስታታው ተመልሷል፣ ማኒፎልዱ ተመልሷል፣ ሞተሪኖው ተገጥሟል። የጠመኔው ምልክት አሁን ስህተት ነው። አዲስ ሰንሰለት ስታስሩ የድሮውን ነጥብ አትመኑ፤ ትንሽ አንሱና ዘንበል የሚልበትን አቅጣጫ ተመልክታችሁ አስተካክሉ። ዘይት ገና አይሞላበት። ሞተሩ ከስታንዱ ከተነሳ በኋላ፣ ተንጠልጥሎ እያለ ሳይሆን፣ ጠንካራ እንጨት ላይ ጀርባው ተገልጦ ዝቅ ይበል፤ ሰንሰለቱ እንደያዘው ይቆይ። ቮላኖውና ፍሪሲዮኑ የሚገቡት ያኔ ነው፤ ቡሎናቸውም በመለኪያ ቁልፍ፣ በተሻጋሪ፣ በሁለት ሦስት ዙር ይጥበቅ። የስታንዱን አራት ቡሎኖች ለብቻቸው ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ፣ የየትኛው ሞተር እንደሆኑ ጻፉበት። ለሌላ ሥራ አይውሰዱብኝ በሉ።

እሺ፣ ወደ ጥያቄ እንሂድ። ከኋላ ያለኸው፣ ቀድመህ ነበር።